የሚያውቀውን ቃል የተወው ልጅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከሐይቅ ነው። ወንድ ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል። በሁለት ዓመቱ በትኩሳት አንቀጥቅጦት ነበር፤ ሁለት ደቂቃም አልቆየ። ከዚያ አፉን ፈትቶ ጎረቤቱን ሁሉ በስም ይጠራ ነበር። ዘንድሮ በእንቅልፍ ልቡ ሁለቴ አንቀጠቀጠው። አሁን ጀርባውን ሰጥቶ ሲጫወት ብጠራው ዘወር አይልም፤ በእጄ ስጠቅሰው ይመጣል። «ውሃ» ማለት ትቶ ጣሳውን ያሳየኛል። ሰው «የያኔው ትኩሳት ነው ምላሱን የያዘው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የያኔው ትኩሳት አይመስለኝም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ትኩሳት የሚያመጣው አጭር መንቀጥቀጥ ወላጅን ያርበደብዳል እንጂ ንግግር አይወስድም። ልጅዎም አፉን የፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ጣሳው ነው። አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅና የነበረውን ቃል የጣለ ልጅ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው «ትንሽ እንየው» አይባልም።

ላንዳው ክሌፍነር የሚባል ብዙ የማያጋጥም የሚጥል በሽታ ዓይነት አለ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1957 ከገለጹት ሁለት አሜሪካውያን የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ይጀምራል። ጆሮ ይሰማል፤ አንጎል ግን የሰማውን ቃል መለየት ያቅተዋል። የአንጎል ኤሌክትሪክ በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ ይረበሻል። ጭራሽ ሲንቀጠቀጡ የማይታዩም አሉ፤ እነሱን ሰው ደንቆሮ ወይም እልኸኛ ይላቸዋል። የእርስዎ ልጅ ይሄ ነው ብዬ በደብዳቤ አልፈርድም። ግን መታየት አለበት።

በዚህ ሳምንት ደሴ ሄደው የሕፃናት ሐኪም ያግኙ። የመስማት ምርመራ ይደረግለት። የአንጎል ሞገድ ምርመራ (ኢኢጂ) ሲታዘዝ «ተኝቶ እያለም ይመርመርልኝ» ይበሉ፤ ነቅቶ ብቻ ከተመረመረ ችግሩ ሊያመልጥ ይችላል። እዚያ ካልተገኘ ሪፈር ያጽፉ። ሕክምና አለው፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። የታዘዘ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም። ፀበሉም ዱዓውም ከክኒኑ ጋር ይሁን፤ አልጣላም።

እንደገና ካንቀጠቀጠው በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያ አይክተቱ፣ ክብሪት አያሽትቱት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ። ሌላ ሰው አጠገብዎ ካለ መንቀጥቀጡን በሞባይል ይቅረጽ፤ ለሐኪሙ ከሺህ ወሬ ይበልጣል።

እስከዚያው ፊት ለፊቱ ሆነው በእጅም በቃልም ያውሩት። ድሮ ይላቸው የነበሩትን ቃላትና የተዋቸውን ወር ወረቀት ላይ ጽፈው ይዘው ይሂዱ።