ለሁለት ጌታ የተገዛው «ተጋላጭነት»

ጥያቄ፦ ስለ ክሪስማስ ደሴት አይጦች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «የዱር አይጦች ለጥገኛ ተውሳክ ያላቸው ተጋላጭነት» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ ምንም አይልም ብሎኛል፤ እኔን ግን ከነከነኝ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እንኳን ከነከነዎት! ይቺ ቃል እኔንም ስታበግነኝ ኖራለች።

ሐረጉ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ጥገኛው አይጦቹን አግኝቷቸዋል። ሁለተኛ፣ ካገኛቸው አይችሉትም። በተራ ወሬ ልዩነቱ ላይጎዳ ይችላል፤ የእርስዎ ታሪክ ቁልፍ ግን እዚሁ ላይ ነው።

የማክሊር አይጥ የሚኖረው በሕንድ ውቅያኖሱ ክሪስማስ ደሴት ብቻ ነበር። ሲመሽ ደሴቱን ይወረው ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1899 ሂንዱስታን የተባለች መርከብ ጥቁር አይጦችን ይዛ መጣች፣ አይጦቹ ቁንጫቸውን፣ ቁንጫው ደግሞ ትራይፓኖሶማ ሌዊሲ የሚባለውን ጥገኛ (የእኛን ከብት በገንዲ የሚፈጀው የዚሁ ዘመድ ነው)። ብዙም ሳይቆይ የአገሬው አይጦች በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ሲጎተቱ ታዩ። ከ1903 ወዲህ ያያቸው የለም። በ2008 የታተመ ጥናት በሙዚየም ከተቀመጡ ቆዳዎች ዲኤንኤ አውጥቶ መረመረ። ጥቁሩ አይጥ ከመምጣቱ በፊት በተሰበሰቡት ላይ ጥገኛው የለም፤ በኋላ ከተሰበሰቡት በአንዳንዶቹ ላይ ግን ተገኘ።

እስቲ ይህንን በ«ተጋላጭነት» ይጻፉት። ጥቁሩ አይጥ ዘመኑን ሁሉ ለጥገኛው ሲጋለጥ የኖረ ነው፣ ደንታም አልሰጠው። የደሴቱ አይጥ ተጋልጦ አያውቅም፤ ተጋላጭ የሆነውም ለዚሁ ነው። በአንድ ቃል ከጠቀለልናቸው ሁለቱም «ተጋላጭነታቸው ከፍተኛ ነው» ሊባል ነው፤ አንዱ ኖረ፣ አንዱ ጠፋ፣ አንባቢው ምን ይያዝ? «ዐውዱ ይለየዋል» የሚሉ አሉ። ዐውዱን የሚሠራው ማን ሆነና? ጸሐፊው አይደለም እንዴ?

ሥሩ «ገለጠ» ነው። ጸበልና ጠበል፣ ጸጉርና ጠጉር አንድ እንደሆኑ ሁሉ «ገለጸ»ም ወንድሙ ነው። ክዳን ማንሣት ማለት ነው። ስለዚህ «መጋለጥ» ድርጊት ነው፦ ክዳኑ ተነሣ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚሞት ግሱ አይናገርም። ያንን ጠባይ ያደረገው «ተጋላጭ» ነው።

ከነካኩት አይቀር ስለ «ተውሳክ»ም ልበል። «ወሰከ» በግዕዝ ጨመረ ነው። በባሕረ ሐሳብ የእሑድ ተውሳክ 7፣ የሰኞ 6 እያልን እንቆጥርበታለን። በሰዋስው «ተውሳከ ግስ» አለን። ታዲያ ይህን የመሰለ የተከበረ ቃል አንጀት ውስጥ ምን ጣለው? እኔ «ጥገኛ» ብቻውን ይበቃል ባይ ነኝ፤ ተጠግቶ የሚኖር፣ ሌላ ምን ይጨመርበታል? ማስረጃው ግን ከእኔ ጋር አይደለም። ጤና ጣቢያውም የትምህርት መጽሐፉም «ጥገኛ ተውሳክ» ካለ ቆየ፤ እሺ፣ ይሁንላቸው።

«ተጋላጭነት»ንም ቢሆን ከሐኪም አፍ አላስጥልም። አቅም ማነስን ሲሉ ይበሉት። ለእርስዎ ርዕስ ግን «የዱር አይጦች ለጥገኛ መጋለጥ» ይበቃል። አርታኢዎ «ተውሳክ»ን መልሶ ካስገባ አይጣሉት። ጥገኛው ደማቸው ውስጥ ከተገኘ ደግሞ «ተይዘዋል» ብለው ይጻፉ፤ የተጋለጠ ሁሉ አይያዝም።