መልስ፦ ለኑሮ ደህንነት መለኪያ ክብደት እንዴት ልስጥ?

የጠየቅከው ብዙ አመላካቾችን (እንደ ክትባትና መብራት ያሉ የሚለኩ ነገሮችን) በአንድ ቁጥር አጣምሬ የጅማን ቀበሌዎች ሳወዳድር፣ እኩል ክብደት (በድምሩ ውስጥ የሚይዙትን ድርሻ) ልስጥ ወይስ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ከመረጃው ያውጣልኝ ነው። እኩል ስጥ። ግን ለዘርፎቹ እንጂ ለአመላካቾቹ አይደለም።

ጤና፣ ትምህርትና ኑሮ እያንዳንዳቸው 1/3 ይያዙ፤ አመላካቾቹ ደግሞ የዘርፋቸውን ድርሻ ይካፈሉ። ዓለም አቀፉ የብዙ ገጽታ ድህነት መለኪያም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ አራቱ የጤናና የትምህርት አመላካቾች እያንዳንዳቸው 1/6፣ ስድስቱ የኑሮ አመላካቾች ግን እያንዳንዳቸው 1/18 ነው የሚደርሳቸው።

ለሶፍትዌሩ የተውከው እንደሆነ አብረው ከፍና ዝቅ ለሚሉ አመላካቾች ነው ትልቅ ክብደት የሚሰጥልህ። መብራት፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ደግሞ አንድ ቤት ነው የሚገኙት። የልጆች ክትባት ከፍሪጅ በታች ሲወጣ ለአማካሪህ ምን ልትል ነው?

አደማመሩንም አስብበት። ተራ አማካይ ከወሰድክ ገቢ ጥሩ ሲሆን የጤናን ጉድለት ይሸፍነዋል። ሀገሮችን የሚያወዳድረው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ልማት መለኪያ በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ ጂኦሜትሪክ አማካይ (ቁጥሮቹ ተደምረው ሳይሆን ተባዝተው የሚወጣ አማካይ) የዞረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከልምድ የምነግርህ፦ ክብደቱን ከመንካትህ በፊት ትልቁንና ትንሹን ቁጥር እይ። ናሙናህ ውስጥ አንድ ትልቅ የቡና ነጋዴ ከገባ ትንሹን 0፣ ትልቁን 1 አድርገህ ስትለካ የሌላው ሁሉ ገቢ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በወረቀት ክብደት የሰጠኸው ገቢ ቀበሌን ከቀበሌ መለየት ያቅተዋል ማለት ነው። ገቢውን በሎጋሪዝም (ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ ትንንሾቹ በሚያቀራርብ ስሌት) ቀይረው። ከዚያ የሦስቱን ዘርፎች ክብደት በመቶኛ 50፣ 25፣ 25 እያደረግክ እያፈራረቅክ ሞክር። ደረጃው የሚገለባበጥባቸውን ቀበሌዎች በአንድ ቁጥር አታስቀምጣቸው፤ «ከ3ኛ እስከ 7ኛ» ብለህ ጻፍ።