ደረሰኙ መታተም ያለበት መቼ ነው?

ጥያቄ፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ ቅርንጫፎች ባሉት አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ዋናው ሰርቨራችን ኮምቦልቻ ሲሆን ቅጂዎቹ በደሴና በባቲ ይገኛሉ፤ የምንጠቀመው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው። ቀደም ሲል ዋናው ሰርቨር ሒሳቡን መዝግቦ ወዲያው ደረሰኝ ያወጣ ነበር፤ ቅጂዎቹ በኋላ ይከተሉታል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የዋናው ሰርቨር ዲስክ ተበላሽቶ ተገኘ፤ ደረሰኝ ከተሰጣቸው ተቀማጮች የመጨረሻዎቹም በየትኛውም ቅጂ ላይ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቅጂዎች መቀበላቸውን ካላረጋገጡ ደረሰኝ እንዳይወጣ አደረግን። አሁን ደግሞ ሰኞ፣ በባቲ ገበያ ቀን፣ ሰልፉ ከበር ይወጣል፤ የባቲ መስመር ሲቋረጥም ሦስቱም ቅርንጫፎች ይቆማሉ። ሥራ አስኪያጃችን ወደ ቀድሞው አሠራር እንድንመለስ ይፈልጋሉ። ምን ይመክሩኛል?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወደ ቀድሞው አሠራር አይመለሱ። ደረሰኝ ማኅበሩ ለአስቀማጩ የሚሰጠው ቃል ነው፤ የጎረቤቶቹን መዋጮ ይዞ የመጣ የቅሬ (የዕድር) ገንዘብ ያዥ ያንን ወረቀት ተቀብሎ ከወጣ በኋላ የአንድ ዲስክ መበላሸት ገንዘቡን ከመዝገብ ሊያጠፋው አይገባም። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ቅጂዎች መጠበቅም ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጅዎ የተማረሩበት ችግርም እውነተኛ ነው።

በመጀመሪያ ዝግመቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በርቀቱ ላይ ያሳብባል። ነገር ግን ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው የኮምቦልቻና የባቲ ርቀት ደርሶ መልሱ ከግማሽ ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። መስመርዎ በአዲስ አበባ ዞሮ የሚመጣ ከሆነ እንኳ ጉዞው ብቻውን 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በአንጻሩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን መዝገብ ለብቻው ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ የሚጠብቅ ፕሮግራም በሰከንድ ከ120 ገደማ በላይ ማስመዝገብ አይችልም። የአንድ ቡድን ብድር የ40 አባላት ክፍያ ሲገባ ፕሮግራማችሁ እያንዳንዱን አባል በተለየ ኮሚት (ምዝገባውን በሚያጸና ትእዛዝ) የሚያስመዘግብ ከሆነ፣ በዲስኩ ላይ ብቻ ከ300 ሚሊሰከንድ በላይ ይባክናል፤ የቅጂዎቹ ጥበቃም 40 ጊዜ ይደጋገማል። የቡድኑን ክፍያ በአንድ ኮሚት ቢጠቀልሉት ግን የሚጠበቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ ለውጥ የሚገኘው ፍጥነት ከደኅንነቱ ምንም አይቀንስምና ከሁሉ አስቀድመው ይህን ያርሙ።

ቀጥሎ የማረጋገጫውን ቁጥር ያስተካክሉ። ከ2017ቱ እትም 10 ጀምሮ ፖስትግሬስ ከተዘረዘሩት ቅጂዎች መካከል ቀድሞ የመለሰውን ማንኛውንም አንዱን ብቻ እንዲጠብቅ ሊታዘዝ ይችላል፤ የሚጠበቁት ቅጂዎች በሚዘረዘሩበት በሲንክሮነስ ስታንድባይ ኔምስ ቅንብር ላይ «ኤኒ 1» ብለው ደሴንና ባቲን ይዘርዝሩ። ያኔ ደረሰኝ የሚወጣው መዝገቡ በኮምቦልቻና ከሁለቱ በአንዱ ካረፈ በኋላ ነው። የባቲ መስመር ቢቋረጥ ደሴ ትመልሳለች፣ ደሴ ብትዘገይ ባቲ ትቀድማለች፤ አስቀማጩ የሚጠብቀውም ዘገምተኛውን ሳይሆን ፈጣኑን ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉትን አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ እወዳለሁ። ዋናው ሰርቨር ከወደቀ የመጨረሻው ደረሰኝ በአንደኛው ቅጂ ላይ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ተተኪ አድርገው የሚሾሙት የቀረበውን ወይም የለመዱትን ሳይሆን በሎግ ቦታው (እስከ የትኛው መዝገብ እንደተቀበለ በሚያሳየው ቁጥር) ይበልጥ የቀደመውን መሆን አለበት። ሁለቱን ሳያወዳድሩ ከሾሙ፣ ሁለት ቦታ ያስቀመጡትን ገንዘብ በገዛ እጅዎ ያጠፉታል።

ማረጋገጫ የሚለው ቃልም መመርመር አለበት። ኮሚት ምን ያህል ማረጋገጫ እንደሚጠብቅ የሚወስነው ሲንክሮነስ ኮሚት የተባለው ቅንብር «ሪሞት ራይት» በሚባለው ደረጃ ላይ ከሆነ ቅጂው «ተቀብያለሁ» የሚለው መዝገቡ ገና ማህደረ ትውስታ ላይ እያለ ነው፤ የመብራት መጥፋት በሚደጋገምበት አካባቢ «ኦን» የሚለው ይሻላል፣ እሱ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃልና። የኃይል መቋረጥ መከላከያ ካፓሲተር የሌላቸው አንዳንድ ርካሽ ኤስኤስዲዎችም (የማይሽከረከሩ ዲስኮች) ሳይጽፉ «ጽፌአለሁ» ሊሉ ስለሚችሉ ሲገዙ ይህን ይጠይቁ። ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ የኃይል መስመር ላይ ካሉ ደግሞ አንድ ብልሽት ሁለቱንም አብሮ ሊጥላቸው ስለሚችል፣ በሁለቱም ቦታ ባትሪ ሊኖር ይገባል።

ሁሉም መረጃ ይህን ያህል ጥበቃ አይሻም። ማን መቼ ወደ ሲስተሙ እንደገባ የሚያሳየው መዝገብ ወይም የአጭር መልእክት መላኪያ ሁኔታ ቢጠፋ ማንም አይጎዳም። ፖስትግሬስ ይህን ለእያንዳንዱ ኮሚት ለይቶ ማዘዝ ስለሚፈቅድ፣ ለእነዚህ ብቻ ሲንክሮነስ ኮሚትን ማጥፋት ይችላሉ፤ በተለመደው ቅንብር ዋናው ሰርቨር ድንገት ቢወድቅና መልሶ ቢነሳ የሚጠፋው ቢበዛ የ600 ሚሊሰከንድ ሥራ ሲሆን ዳታቤዙ ራሱ ግን አይበላሽም። ገንዘብ በሚነካ መዝገብ ላይ ግን ይህን አያድርጉት።

ኮምቦልቻ ከሁለቱም ቅጂዎች ጋር በአንድ ጊዜ ከተለያየች ምዝገባው ይቆማል፤ የደረሰኙን ዋስትና ሳይቀንስ ይህን የሚያስቀር ቅንብር የለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤሪክ ብሩወር በ2000 ያቀረቡት፣ ጊልበርትና ሊንች በ2002 በማስረጃ ያጸኑት ሐሳብም ይኸው ነው፤ መስመር ሲቆረጥ ወይ መልስ መስጠቱ ወይ የመዝገቦቹ አንድነት መቅረት አለበት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወጪን ማቆም፣ ገቢን ግን «ጊዜያዊ» ተብሎ በግልጽ በተጻፈበት ወረቀት መቀበል ተገቢ ይመስለኛል።

በተጨማሪም ጥበቃው ሲረዝም ገንዘብ ተቀባዩ «ጊዜው አልፏል» የሚል መልእክት ያያል። ይህ አልተመዘገበም ማለት አይደለም፤ መዝገቡ ኮምቦልቻ ላይ አርፎ ማረጋገጫው ብቻ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው እንደገና ሲሞክር አንዱ ተቀማጭ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ ገና ቅጹ ሲከፈት የማይደገም ቁጥር ይስጡትና ዳታቤዙ ያንኑ ቁጥር ዳግመኛ እንዳይቀበል ያድርጉ።

አሠራሩን ከቀየሩ በኋላ ቅርንጫፎቹ በተዘጉበት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሙከራ ክፍያዎችን እያስገቡ የኮምቦልቻውን ሰርቨር ገመድ ይንቀሉ፤ ከዚያም በሎግ የቀደመውን ቅጂ ሾመው፣ የታተሙትን ደረሰኞች ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።