በአዲስ ዘመን ጥራዝ ብቻ አትጻፊው

እህቴ፣ ለማስተርስ ጽሑፍሽ «ደርግና የሲቪል ምሁራን ለሥልጣን ሲታገሉ ጋዜጦች ምን ድርሻ ነበራቸው? ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም የተመረቅኩት በዚሁ ርዕስ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በየቀኑ ታክሲ እየቀያየርኩ የተንከራተትኩበት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

1. ሬዲዮና ቴሌቪዥንን እንዳትዘይ። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አዋጅ በሬዲዮ የተሰማው በአልጋ ወራሹ ድምፅ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የወሎ ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

2. ጋዜጣውን ከበራሪ ወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን አንብቢ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ደርግን ይቃወም የነበረውን የግራ ፓርቲ፣ የኢሕአፓን የድብቅ ልሳን «ዴሞክራሲያ» ፍለጋ አንድ ሰነድ ክፍል ሄድኩ። ሠራተኛዋ ደብዳቤዬን ሳታነብ በጣቷ ገፋችው። «እዚህ የተጠረዘ ጋዜጣ እንጂ ወረቀት አንሰበስብም» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ሦስቴም ቆሜ ተመለስኩ። ተስፋ ቆርጬ አራት ወር ሙሉ አዲስ ዘመን ብቻ አነበብኩ። «ፕሬሱ የወታደሩ አፈ ቀላጤ ነበር» ብዬ ደመደምኩ። ፈታኜ ገልጠው አዩትና «በድብቅ የሚታተመውስ ፕሬስ አይደለም?» አሉኝ። ሴሚስተር ደገምኩ። ክፍያውም ከኪሴ ወጣ።

ያዳነኝ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ነው። ጋሼ በወጣትነቱ ታይፒስት ነበር። አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን ችግሬን ነገርኩት። ተነስቶ ከቆርቆሮ ሳጥን አራት ማዕዘን የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በስቴንስል የተባዛ «ዴሞክራሲያ» ነው። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል፣ የ«ው» ሆድ በቀለም ተሞልቷል። «ድምፁ እንዳይወጣ ታይፑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ነበር የምንመታው» አለኝ።

ወረቀቱን ከ1968 አዲስ ዘመን ጋር ሳስቀምጠው ነገሩ ሌላ ሆነ። የመንግሥት ጋዜጣ ራሱ «አብዮታዊ መድረክ» በሚል ዓምድ የኢሕአፓንና የተቀናቃኙን የግራ ድርጅት፣ የመኢሶንን ደጋፊዎች ያከራክር ነበር! ዴሞክራሲያ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» ይላል፤ ወታደር ወደ ካምፑ ማለት ነው። የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ደግሞ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ይሰጣል፤ እየተቹ መደገፍ ማለት ነው። ስለዚህ ጋዜጣው አፈ ቀላጤ ብቻ አልነበረም። ደርግ ምሁራኑን እስከፈለጋቸው ድረስ መድረክ አዋሳቸው። በ1969 ቀይ ሽብር ኢሕአፓን ሲመታ፣ በዚያው ክረምት መኢሶንም ራሱ ኅቡዕ ገባ። ሁለተኛው ጽሑፌ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ እነዚያው ፈታኝ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ፈረሙልኝ።

3. ዘመኑን የሚያውቁ ሰዎችን ቶሎ አግኚ። ሳጥን ያላቸው ሞልተዋል፣ ግን ሳይጠየቁ አያወጡም። እኔ ከጋሼ 11 ወረቀት ፎቶ አንስቻለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።