በማይቀልጥ መሬት ላይ የበቀለ ደን፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ በነበረን የንባብ ስብሰባ ስለ ቀዝቃዛ አገር ደኖች ብዙ ጥያቄ ተነስቶ ሰዓቱ አልበቃንም። በወጣትነቴ የደን ትምህርት የተማርኩት ሳይቤሪያ ስለሆነ፣ የቀሩትን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንድመልስ አደራ ተሰጥቶኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ መሬቱ በረዶ ከሆነ ዛፉ ሥሩን የት ይሰዳል? (ከስድስት ኪሎ)

ይህ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል፤ ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከዜሮ ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ የቆየ መሬት ማለት ነው። ከላይ ያለው ስስ ንጣፍ ግን በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት ይቀልጣል። ዛፉ የሚኖረው በዚያ ንጣፍ ነው። በሐምሌ ጫካው ውስጥ ብትቆፍር መጀመሪያ የምታገኘው ሞስ ነው፤ በእርጥብ ድንጋይና በአሮጌ ግንብ ላይ የምናየው ለስላሳ አረንጓዴ ተክል። እዚያ ግን ወፍራም ነው፣ እጅን እስከ አንጓ ይውጣል። ከሥሩ ቡናማ፣ በግማሽ የበሰበሰ የቅጠልና የሥር ክምር አለ፤ ከዚያ ጥቂት ጭቃ፤ ከዚያ ዶማው ነጥሮ ይመለሳል። ፊትህን ላብ እያጠመቀው ጣትህ በቅዝቃዜ ይደነዝዛል። በምሥራቅ ሳይቤሪያ የገነነው ላርች የሚባለው ዛፍ ሥሩን የሚዘረጋው ወደ ጎን ነው። ቅጠሉ መርፌ መሳይ ቢሆንም ብርዱ ሳይገባ ያራግፈዋል።

እኔ ደን መሬትን ያሞቃል ብዬ ነበር የማስበው። ታዲያ ዛፉ ሲቆረጥ መሬቱ ለምን ይቀልጣል? (ከሜክሲኮ)

የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

በሙቀቱ ወራት ዛፉ ፀሐይን ይከለክላል። በብርዱ ወራት ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ከፊሉ ቅርንጫፍ ላይ ይቀራል። መሬት ላይ የሚያርፈው ስለሚሳሳ ብርዱ ወደ ታች በቀላሉ ይዘልቃል። ወፍራም በረዶ መሬቱን ከብርድ እንደሚጋርድ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሞሱ ነው። ሲደርቅ በውስጡ አየር ስለሚይዝ፣ ጋቢ የሰውን ሙቀት እንደሚጠብቅ እሱም የመሬቱን ቅዝቃዜ ይጠብቃል። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ውሃ እንደጠጣ በረዶ ይሠራና ቅዝቃዜውን ወደ ታች ያሳልፋል። ሙቀት ይከለክላል፣ ብርድ ያስገባል። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ማስረጃ ለምትፈልጉ፦ በ1946 አላስካ ውስጥ ፌርባንክስ ከተማ አጠገብ ሦስት ቦታዎች ለሙከራ ተለዩ። አንደኛው እንዳለ ተተወ። ከሁለተኛው ዛፉ ብቻ ተመነጠረ። ከሦስተኛው ዛፉም ሞሱም ተገፈፈ። ከ26 ዓመት በኋላ ሲለካ ያልተነካው እንደነበረ ነበር፤ ዛፉ ብቻ በተነሳበት መሬቱ እስከ 4.7 ሜትር ጥልቀት ቀልጧል፣ ሁሉም በተገፈፈበት ደግሞ እስከ 6.7 ሜትር። ስለ ደን ሲወራ ዛፍ ብቻ የሚቆጠርበት ልማድ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። ከዛፉ እግር ሥር ያለውም ደን ነው።

እዚያ ዝናብ ይበዛል? (ከለገሃር)

የለም። በምሥራቅ ሳይቤሪያ ያለችው ያኩትስክ ከተማ በዓመት የምታገኘው በረዶውም ዝናቡም ተደምሮ 240 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ ከ1,000 ያልፋል። በሌላ አገር ይህን ያህል ዝናብ ሣር እንጂ ደን አያበቅልም። እዚያ ግን ከታች ያለው በረዶ ውሃው ጠልቆ እንዳያመልጥ ያግደዋል፤ ሥሩም እዚያው ያገኘዋል። እንግዲህ ዛፉ በረዶውን ከሙቀት ያድነዋል፣ በረዶው ዛፉን ከጥም ያድነዋል።

ቃጠሎ ሲነሳስ? (ከአራት ኪሎ፣ ሁለት ሰዎች ጠይቀዋል)

እሳት በእነዚያ ደኖች አዲስ ነገር አይደለም። ቃጠሎው ቀለል ያለ ከሆነ ሞሱ ይተርፋል፤ ደኑ ሲመለስ በረዶውም ያገግማል። ሞሱን እስከ አፈሩ ከበላው ግን የጠቆረው መሬት ፀሐይዋን ይጠጣል፤ በውስጡ ያለው በረዶ ሲቀልጥም ይሰምጣል። ዛፎቹ ወዲያና ወዲህ ያዘነብላሉ። ሩሲያውያን ሰካራም ደን ይሉታል። በሰመጠው ቦታ ሐይቅ ይፈጠራል፤ ሐይቁ በዘመናት ሲደርቅ ጨፌ ይሆናል። ያኩትስክ ያለችበት ክልል፣ የያኩትያ ሰዎች ከብትና ፈረስ የሚያሰማሩት፣ ድርቆሽ የሚያጭዱት እንዲህ ባለው ጨፌ ላይ ነው። ስለዚህ መቅለጥ ሁሉ ጥፋት ነው አልልም። የሚያስጨንቀኝ ፍጥነቱ ነው። በ2021 በያኩትያ ከ8 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተቃጥሎ ጭሱ ሰሜን ዋልታ ደርሷል። ባታጋይ በምትባል ከተማ አጠገብ ደግሞ በ1960ዎቹ ደን ከተመነጠረ በኋላ መሬቱ መናድ ጀመረ፤ ዛሬ ገደሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ አሁንም ይናዳል። በሰሜን ያለው ፐርማፍሮስት በውስጡ በቀረው የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይዟል፤ አየር ውስጥ ካለው እጥፍ ገደማ ነው። ሲቀልጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ያንን ቅሪት መብላት ይጀምራሉ፣ ካርቦኑም ጋዝ ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ ችግኝ ቢተከልበትስ? (ከቸርችል ጎዳና)

ደን በነበረበት ቦታ፣ አዎ፣ ሞሱ እስኪመለስ ብዙ ዓመት ቢፈጅም። ዛፍ ኖሮበት በማያውቀው ሜዳ ላይ ግን አልመክርም። ከብርዱ የተነሳ ዛፍ መብቀል ከሚያቆምበት ወሰን በላይ ያለው ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ ቁጥቋጦ ሲበዛ፣ ነፋስ የሚነዳው በረዶ እዚያ ይከማቻል። ወፍራም በረዶ መሬቱን ከብርድ ይጋርዳል ብዬ የለ? የጠቆረው ቅርንጫፍም ነጩ ሜዳ ይመልሰው የነበረውን ብርሃን ያስቀራል። መትከል የምንወድ ሕዝብ ነንና ይህን መስማት ሊከብደን ይችላል፤ ግን የቦታውን ጠባይ ማወቅ ይቀድማል።

ልጄ፣ ሰውስ እዚያ ላይ እንዴት ቤት ይሠራል? (ከአራት ኪሎ፣ እናታችን)

እማማ፣ ቤቱን በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ያቆሙታል፤ የቤቱ ሙቀት መሬቱን እንዳያቀልጠው በመካከሉ ነፋስ ያልፋል። ያኩትስክ ውስጥ ሸርጊን የሚባል ነጋዴ ውሃ ፍለጋ ከ1828 ጀምሮ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። 116 ሜትር ተወርዶም መሬቱ በረዶ ነበር።

ባሌ ወይም ሰሜን ተራራ ላይስ እንዲህ ያለ መሬት አለ? (ከስድስት ኪሎ)

ዛሬ የለም። ባሌ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሳነቴ አምባ ላይ ሌሊት ውርጭ ይሠራል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትበረታ ይለቃል። ጅብራውም አስታውም የለመዱት ይህንን ነው። በጥንት ዘመን ግን በሁለቱም ተራሮች ላይ ግግር በረዶ እንደነበረ አሻራው ይታያል። ሳነቴ ላይ በተዳፋቱ ቁልቁል በረድፍ የተደረደሩ ግዙፍ ድንጋዮች አሉ፤ ተመራማሪዎች ያንን የሠራው በዚያ የቅዝቃዜ ዘመን የመሬቱ መላልሶ በረዶ መሥራትና መቅለጥ ነው ይላሉ።