የልጆቹን ጃኬት እንዳትሰጪ፦ ስለ ላስ ቬጋስ ዊንተር ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከሲያትል ወደ ላስ ቬጋስ በዲሴምበር ልትገቡ ነው። «በረሃ ስለሆነ የልጆቹን ወፍራም ልብስ ለሰው ልስጠው ወይ? ቤት ማሞቅስ ያስፈልጋል? ጓሮው እስከ ማርች ደርቆ ነው የሚከርመው?» ብለሻል። እኔ እዚህ 13 ዊንተር አሳልፌያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ጃኬቱን አትስጪ። እኔ ከሚኒሶታ ስመጣ አንድ ሻንጣ ሙሉ አከፋፍዬ ነው የመጣሁት። በገባን በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ቤት ሲደርስ ጣቶቹ ደንዝዘው በሩን መክፈት አቃተው። በማግስቱ ሄደን ጃኬት ገዛን።

ዊንተር ሲባል ሲያትልን ከአእምሮሽ አውጪው። የዚያው ዊንተር ሰማዩ ተዘግቶ፣ ካፊያ ሲጥል ውሎ ሲጥል የሚያድር ነው። የዚህኛው ሌላ ነው። ይልቅ አዲስ አበባን በታህሳስ አስቢ። ጠዋት ጋቢ ደርበሽ ትወጫለሽ። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ አናትሽን ትበሳዋለች። ጥላ ስር ስትገቢ ደግሞ ያንዘፈዝፍሻል። ማታ ውርጭ። የላስ ቬጋስ ዊንተር ቁርጥ እሱን ነው። የቀን ሐሩር፣ የሌሊት ቁር የምንለው። እኔ ይህ እስኪገባኝ ድረስ ሁለት ዓመት በከንቱ ተሠቃየሁ። ከገባኝ በኋላ ግን ኑሮውም ጓሮውም ቀለለኝ።

ምክንያቱ ድርቀቱ ነው። እዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ዝናብ ቢደመር በአማካይ 4 ኢንች ገደማ ነው። አየሩ እርጥበት የለውም፣ ደመናም ብዙ አይኖርም። ስለዚህ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት የሚይዝለት ነገር የለም። ጀምበር ስትጠልቅ ሙቀቱ ሽቅብ ይሸሻል። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ቀኑ ብዙ ጊዜ ከ55 እስከ 60 ፋራናይት ነው። ሌሊቱ ወደ 40 ይወርዳል። 32ን ነክቶ ከዚያም በታች የሚሄድባቸው ሌሊቶች አሉ። ልጆችሽ ጠዋት ጃኬታቸውን ቆልፈው ይሄዳሉ፣ ከሰዓት ወገባቸው ላይ አስረውት ይመለሳሉ። ቀለል ያለ ሹራብ ከስር፣ ጃኬት ከላይ፣ ይበቃል። ገናና ጥምቀት እዚህ የሚውሉት በብርዱ መሐል ነው፤ ጥምቀት ላይ በነጠላ ብቻ ውጭ ቆመሽ እንዳታረፍጂ።

በረዶ ከተማው ውስጥ ብርቅ ነው። ፌብሩዋሪ 2019 ሲጥል ልጆቼ በፒጃማ ሮጠው ወጥተው ነበር። በረዶ ከናፈቃችሁ ግን ማውንት ቻርልስተን የሚባለው ተራራ አለላችሁ። በመኪና 1 ሰዓት አይሞላም። ቦት ጫማውን ለዚያ አስቀምጪው።

ወደ ቤቱ ልግባ። ማሞቂያ ያስፈልጋል፣ ግን ቀኑን ሙሉ አይደለም። በደቡብ በኩል ያሉትን መስኮቶች ጠዋት ክፈቺላቸው፣ መጋረጃውን ማለቴ ነው። በዊንተር ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ሳሎን ድረስ ትገባለች። ሊመሽ ሲል መጋረጃውን ዝጊው። በዚህ ብቻ የጋዝ ቢላችን ቀንሷል። ድርቀቱ ግን ከብርዱ ይብሳል። ማሞቂያው ሲሠራ የባሰ ያደርቃል። ልጆች አፍንጫቸው ይነስራል፤ ማታ ማታ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ቫዝሊን ቀቢያቸው። እጅና ተረከዝ ይሰነጠቃል። ብርድ ልብስ ስትጎትቺ ብልጭ ይላል።

እንጀራ የምትጋግሪ ከሆነ ይህንን እወቂ። በጁላይ በአንድ ቀን ኩፍ የሚለው ሊጥ በጃንዋሪ በሦስተኛው ቀንም ላይነሳ ይችላል። እኔ ኦቨኑን ሳልለኩስ መብራቱን ብቻ አበራና ሊጡን ውስጡ አሳድረዋለሁ። ከምጣድ ያወጣሽውን እንጀራም ቶሎ ሸፍኚው፤ እስኪበርድ እያልሽ ከዘነጋሽው ጠርዙ ይደርቃል።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ብርድ ነው ብለሽ በርና መስኮት ዘግተሽ ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታያይዢ። ለቡናም ቢሆን። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት። ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይቀራል። ቡናውን በኩሽናው ስቶቭ ላይ አፍዪው፣ ከሰሉን ጓሮ አውጪው። መርዙ ሲኖር የሚጮኸውን መሣሪያም ከመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ሳትሰቅዪ አትደሪ።

አሁን ጓሮው። ደርቆ ይከርማል ወይ ብለሽ የጠየቅሽው ነገር በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ተቃራኒው ነው። እዚህ ጓሮ የሚሞተው በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ ነው። ዊንተር የጎመን ወቅት ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ድንብላል፣ ካሮት፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይወዱታል። መሬቱ አንዳንድ ቦታ ሲቆፈር እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ነጭ ንብርብር አለው፣ ካሊቼ ይሉታል። ከሱ ጋር አትታገዪ። በእንጨት ከፍ ያለ መደብ ሥሪና ጥሩ አፈር ሙዪበት።

ስለ ውርጭ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት ስወጣ ጎመኔ በሙሉ መሬት ላይ ተኝቷል። የቅጠሉ ጠርዝ ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል። አንዱን ስነካው እንደ ቀጭን ብርጭቆ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። አበቃለት ብዬ ልነቅለው ስል «ተዪው፣ ፀሐይ ይምታው፤ እጅሽን ብቻ ሰብስቢ» አለችኝ። ረፋድ ላይ አንዱ ቅጠል ቀና አለ፣ ከዚያ ሌላው። ምሳ ሰዓት ሁሉም ቆሞ ነበር። ያን ሳምንት የበላነው ጎመን ይጣፍጥ ነበር። ብርድ ሲነካው ስኳር ስለሚያበዛ ነው።

ሎሚው ግን አልተረፈም። በሰሜን በኩል፣ ፀሐይ በማታገኘው ጥግ ነበር የተከልኩት። በአንድ ሌሊት ቅጠሉ የተቀቀለ መሰለ። ሁለተኛውን የት እንደምተክል ያሳየችኝም እናቴ ናት። ፀሐይ ለመሞቅ ሁልጊዜ በርጩማዋን ይዛ የምትሄደው ወደ ደቡብ የሚያየው የብሎኬት አጥር ስር ነው። ጀርባዋን አስደግፋ ትቀመጣለች። አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ከገባች ቆይታለች፣ «ግቢ፣ በረደ» ስላት መዳፌን ይዛ ግድግዳው ላይ አሳረፈችው። ገና ትኩስ ነበር። ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ሎሚውን እዚያው አጠገብ ተከልኩት። ይኸው 10 ዓመቱ ነው፣ ያፈራል።

ውርጭ ይጥላል ሲባል በቀን አፈሩን አጠጪ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ሲመሽ ሎሚውን በአሮጌ አንሶላ እስከ መሬት አልብሺው። ላስቲክ አይሁን፤ ቅጠሉን የነካበት ቦታ በብርድ ያቃጥለዋል። ጠዋት ግለጪው። የተጎዳ ቅርንጫፍ ካየሽ ማርች እስኪያልፍ አትቁረጪ፣ የውስጡን ይከልልለታል። ከውጭ ያለውን የመስኖ ቧንቧም አልብሺ። የኛው አንድ ሌሊት ተሰንጥቆ ጠዋት ውሃው መንገድ ድረስ ወርዶ አገኘነው። ለቧንቧ የሚሸጥ የስፖንጅ መጠቅለያ አለ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ውሃ ማጠጫ ማሽኑ የሚፈቀደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። የሰፈርሽን ቀን እዩና አስተካክሉት።

የኛዎቹን ቅጠሎች ስንመጣ፣ ጤና አዳም ውርጩን ከምንም አይቆጥረውም። በሶብላ የመጀመሪያው ውርጭ ሌሊት ይጠቁራል፤ ከዚያ በፊት አጭደሽ አድርቂው፣ በዚህ አየር በጥቂት ቀን ይደርቃል። ኮሰረት በማሰሮ ተክለሽ ማታ ማታ አስገቢው። ጌሾዬ ቀላል ውርጭ ይችላል፣ እሱን የሚያስቸግረው የጁላይ ፀሐይ ነው። ቃሪያና ቲማቲም ማርች መጨረሻ ድረስ ይቆዩ።

ጓሮው ብቻሽን አይተውሽም። ግንባራቸው ላይ ጥቁር ጉትዬ ያላቸው ድርጭቶች በዊንተር በመንጋ ይዞራሉ። ማታ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ ጥቅጥቅ ያለውን ሁሉ መልምለሽ አትጨርሺው። ሀሚንግበርድ የሚሏት፣ አየር ላይ ቆማ አበባ የምትመጥ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ወፍ አለች። ዊንተሩን ሙሉ አትሄድም። የስኳር ውሃ ከሰቀልሽላት ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት አስገቢውና ጎህ ሳይቀድ መልሺው። አንድ ቀን ረስቼ ብዘገይ ባዶው መስቀያ ፊት ቆማ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ የስልኬ ማንቂያ ለሷ ነው የሚጮኸው። ጎረቤትሽ የበረሃ ኤሊ ካለው ደግሞ ልጆችሽ ጉድጓዱን እንዳይጎረጉሩ ንገሪያቸው። እስከ ማርች ገደማ ተኝቶ ነው የሚከርመው፣ በሕግም የተጠበቀ ነው።

እንደገባችሁ ጻፊልኝ። ዲሴምበር ለጎመን አልመሸም፣ ችግኝ ካገኘሽ ይይዛል፤ እኔ ጋ አለ። ጤና አዳሙንም ከአሁኑ ቅርንጫፍ ቆርጬ ውሃ ውስጥ አኖርልሻለሁ፣ እስክትመጪ ሥር ያወጣል።