«ፋርማሲያችን ማሽን አስገባ፤ ሙያ ልቀይር?»

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ እንደምን ነሽ?

በፋርማሲ ቴክኒሽያንነት እየሠራሽ ነው። አሁን መሥሪያ ቤትሽ ኪኒን ቆጥሮ በትንንሽ ከረጢት የሚያሽግ ማሽን አስገብቷል። ጓደኞችሽም «ሳያባርሩሽ ነርሲንግ ግቢ» እያሉ ጨቅጭቀውሻል።

ፍርሃትሽ ከመሬት አልተነሣም። ትልልቆቹ የፋርማሲ ድርጅቶች ብዙ ሪፊል (በየጊዜው የሚደገም መድኃኒት) አንድ ማዕከል ላይ በሮቦት ያዘጋጃሉ። አማዞን በ2018 ፒልፓክ የተባለውን ፋርማሲ ሲገዛም የፈለገው ይህንኑ ሥራ ነበር፦ ባንድ ሰዓት የሚወሰዱት ኪኒኖች ባንድ ከረጢት ገብተው፣ ስም፣ ቀንና ሰዓት ታትሞባቸው ቤት ድረስ ይላካሉ። በመቁጠር ብቻ እንጀራ እበላለሁ ካልሽ፣ ብዙ አያስኬድሽም።

ግን ማሽኑ የገባው ጉልበት ለመቆጠብ ብቻ አይደለም፤ ሰው መድኃኒቱን ሳያዛባ እንዲወስድም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ ባደጉት አገሮች እንኳ የቆየ በሽታ ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን እንደታዘዘላቸው የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ናቸው። ሜዲኬርም (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ያቋቋመው የጤና መድን) ለኢንሹራንሶች የጥራት ደረጃ፣ ማለትም ኮከብ፣ ሲሰጥ የስኳር፣ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት አወሳሰድን ይመዝናል። ከቀኖቹ ቢያንስ 80 በመቶውን የሚሸፍን መድኃኒት የተረከበ ሰው «ወስዷል» ተብሎ ይያዛል። ልብ በይ! የሚመዘገበው ከፋርማሲ የወጣው እንጂ የተዋጠው አይደለም። ያንቺ ሥራ ያለው እዚህ መሐል ነው።

አንዲት እናት አስቢ። የጠዋቱ ከረጢት ላይ «8፡00 ኤ.ኤም.»፣ የማታው ላይ «8፡00 ፒ.ኤም.» ይላል። እሳቸው በኛ አቆጣጠር ስለሚያነቡት ሁለቱም ስምንት ሰዓት ነው። ምሳ በልተው ሁለቱንም ቢከፍቱ ምን ይገርማል? ጾም ሲገባ ደግሞ የጠዋቱ ከረጢት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። የስኳር ኪኒን ካለበት ይህ ቀልድ አይደለም። ማሽኑ ግን ምንም አላጠፋም፤ ካሜራው እያንዳንዱን ኪኒን አይቶ አሳልፏል። ነገሩን ሊደርስበት የሚችለው «እማማ፣ ይህን መቼ ነው የሚወስዱት?» ብሎ ባማርኛ የሚጠይቅ ሰው ነው። ምክር መስጠት የፋርማሲስቱ ድርሻ ነው፤ አንቺ የሰማሽውን ታደርሺለታለሽ፣ እሱ ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን ያስተካክላል።

ማሽኑንም በደንብ ልመጂው። የኪኒኑ መያዣ የሚሠራው ለአንድ ኪኒን ቅርጽ ተለክቶ ነው፤ አቅራቢው ሲቀየር ኪኒኑም መልኩን ይቀይራል። መያዣው ውስጥ የተሳሳተ መድኃኒት ከገባ ስሕተቱ አንድ ሰው ጋ አይቆምም፤ ባርኮድ ሳይነበብ መሙላት የሌለበትም ለዚህ ነው። ከረጢት የማይገቡትን ደግሞ በቃልሽ ያዢ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ፕራዳክሳ እርጥበት ስለሚያበላሸው ከራሱ ዕቃ አይወጣም፤ ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪንም ከራሱ ዕቃ አይወጣም። የዋርፋሪን (ይህም ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ነው) መጠን በደም ምርመራ ስለሚቀያየር ለብቻው ቢቀመጥ ይሻላል። ሐኪሙ በወሩ አጋማሽ አንድ ኪኒን ቢያቆምስ? የታሸገው ጥቅል ቤት ገብቷል፤ አውቶማቲክ ሪፊሉም ካልተነገረው መላኩን አይተውም። ደውሎ የሚያስመልስና ትእዛዙን የሚያስቆም ሰው ያስፈልጋል። ኢንተርቪው ላይ ይህን ስትናገሪ፣ ጠያቂው ከመቁጠር በላይ እንደምታስቢ ወዲያው ይገባዋል።

የፒቲሲቢ (የፋርማሲ ቴክኒሽያኖችን ፈትኖ የሚያረጋግጠው የአሜሪካ ድርጅት) ሰርተፊኬት ከሌለሽ ከሱ ጀምሪ። ካለሽ ያው ድርጅት የመድኃኒት ሕክምና ክትትል ላይ የሚሰጠውን ተጨማሪ ሰርተፊኬት ተመልከቺ። ሆስፒታሎችም የበሽተኛውን መድኃኒት ዝርዝር የሚያጣሩ፣ ከሆስፒታል ለሚወጣው መድኃኒቱን አልጋው ድረስ የሚያደርሱ ቴክኒሽያኖች ይቀጥራሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ እኔ ከካውንተር አስበልጠዋለሁ።

ነርሲንግ? በሽተኛ መንከባከብ የምትወጂ ከሆነ ግቢ፣ ጥሩ ሙያ ነው። ማሽን ሸሽቶ ለዚያ ሁሉ ክፍያና ጊዜ መዳረግ ግን አይታየኝም።

በዚህ ሳምንት አለቃሽን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ በማሽኑ ላይ ከሚሠለጥኑት መጀመሪያዎች አንዷ መሆንና መድኃኒታቸውን ያልወሰዱ ሰዎች ጋ የሚደወለውን ሥራ መያዝ። የደመወዙን ነገር ግን ሥልጠናው ሳይጀመር ጨርሺ፤ ከጀመርሽ ወዲያ እሺ የሚልሽ የለም።